ፍላሹ ይሠራል፣ ኪቦርዱ አይሠራም፦ ከርነል ውስጥ ዩኤስቢን ስናስተካክል ያጋጠመን ጉዳይ

ጉዳዩ ያጋጠመው አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ አንድ አነስተኛ የሥልጠና ማዕከል ነው። የማዕከሉንም ሆነ የሰዎቹን ስም አልጠቅስም። ከጥፋቱ ግማሹ የእኔ ስለሆነ ስም መጥራቱ ለማንም አይጠቅምም። ነገሩን መመዝገብ የፈለግሁት ሦስት ቀን የፈጀብን ችግር፣ የት እንደምናይ ብናውቅ ኖሮ ቡና እስኪፈላ ድረስ ያልቅ ስለነበር ነው።

መነሻው

ማዕከሉ 12 ዴስክቶፕ ኮምፒውተሮች አሉት። ሁሉም ያገለገሉ ናቸው፤ ከተለያየ ቦታ በልገሳ የተገኙ። 11ዱ ኢንቴል ናቸው፤ ኮር ቱ ዱዎ ፕሮሰሰር፣ 2 ጊጋባይት ራም። አንዱ ብቻ ኤኤምዲ ነው። ይህን አንዱን አስታውሱት፤ በኋላ ይመጣል።

መብራት ድንገት እየጠፋ ሲመጣ የአብዛኞቹ ሃርድ ዲስክ ተራ በተራ ሞተ። ለአዲስ ዲስክ በጀት አልነበረም። የማዕከሉ ቴክኒሻን ትምህርቱን ገና የጨረሰ ወጣት ነው፤ እሱ ዘዴ አመጣ። ዲቢያን ሊኑክስን 16 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ጭኖ ኮምፒውተሮቹን ከፍላሽ ማስነሳት። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፣ ሠራም። ግን ይንቀረፈፋል። አንድ ቀን ደወለልኝና «ጋሼ፣ ከርነሉን ብናቀለውስ?» አለኝ።

ለማያውቀው አንባቢ፦ የሊኑክስ ከርነል (ሃርድዌሩን የሚቆጣጠረው የሲስተሙ እምብርት) ሲዘጋጅ አብዛኛው ነገር ሦስት ምርጫ አለው። ወይ ከርነሉ ውስጥ ይካተታል፣ ወይ ሲያስፈልግ ብቻ የሚጫን ሞጁል ይሆናል፣ ወይ ከነጭራሹ ይቀራል። ዲቢያንን የመሰሉ ስርጭቶች ተጠቃሚው ምን ዓይነት ማሽን እንዳለው ስለማያውቁ በሺዎች የሚቆጠሩ ድራይቨሮችን (ከርነሉን ከየዕቃው ጋር የሚያነጋግሩ ክፍሎችን) ሞጁል አድርገው ያስቀምጣሉ። ቴክኒሻኑ ይህን ሁሉ ጭነት ሲያይ የቀርፋፋነቱ ምክንያት መሰለው።

አይደለም። ዲስክ ላይ የተቀመጠና ያልተጫነ ሞጁል ራም አይበላም፣ ፕሮሰሰርም አያስቸግርም። ይህን አውቅ ነበር። ግን ልጁ ከርነል መሥራት ይማር ብዬ ዝም አልኩ። የእኔ ጥፋት እዚህ ላይ ይጀምራል።

እንዴት እንደተሠራ

የተጠቀመው «ሜክ ሎካልሞድኮንፊግ» የሚባለውን መንገድ ነው። ስቲቨን ሮስቴት ያዘጋጀው ሲሆን በ2009 ከወጣው የ2.6.32 ከርነል ጀምሮ አለ። አሠራሩ ግልጽ ነው፤ «ኤልኤስሞድ» በዚያ ቅጽበት ተጭነዋል የሚላቸውን ሞጁሎች ያያል፣ የቀሩትን ሞጁሎች በሙሉ ምርጫዎቹ ከተጻፉበት የኮንፊግ ፋይል ያጠፋል። ሰዓታት የሚፈጀው ኮምፓይል (ምንጭ ኮዱን ወደሚሠራ ከርነል መቀየሩ) በጣም ያጥራል።

አሮጌዎቹ ማሽኖች ላይ ኮምፓይል ማድረግ ቀኑን ሙሉ ስለሚይዝ ሥራውን በራሱ ላፕቶፕ ላይ አደረገው። ላፕቶፑ ከነዚህ ዴስክቶፖች በብዙ ዓመት ያንሳል። ያን ሰዓት አንድ የዩኤስቢ ማውዝና አንድ ፍላሽ ተሰክቶበት ነበር። ሌላ ምንም።

ከርነሉ ተሠራ፣ ፍላሹ ላይ ተጫነ፣ ፍላሹ አንደኛው ዴስክቶፕ ላይ ተሰካ።

መጀመሪያ ያየነው ችግር

ግራብ (የሚነሳውን ከርነል የሚያስመርጠው ፕሮግራም) መጣ፤ በኪቦርዱ ቀስት ምርጫውን አልፈን አስገባነው። ከርነሉ ተነሳ። ትንሽ ጽሑፍ ፈሰሰና ቆመ። ዋናውን የፋይል ሲስተም (ዲቢያን የተጫነበትን የፍላሹን ክፍል) ጠብቄ አጣሁት የሚል መልእክት ወጣ። ከሥሩ የ«ኢኒትራምኤፍኤስ» (ዋናው እስኪገኝ ራም ላይ የሚሠራ ትንሽ ጊዜያዊ ሲስተም) ትእዛዝ መቀበያ ብልጭ ድርግም ይላል። ልንጽፍለት ስንሞክር ኪቦርዱ ዝም። የካፕስ ሎክ ቁልፉን ብንጫንም የኪቦርዱ መብራት አይበራም።

«ከፍላሹ ካልተነበበ ከርነሉ ራሱ ከየት መጣ?» አለ ቴክኒሻኑ። ጥያቄው ትክክል ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

ግራብ ፍላሹን የሚያነበው በባዮስ (ማዘርቦርዱ ላይ ባለው የማስነሻ ፕሮግራም) በኩል ነው። ኪቦርዱም ግራብ ላይ የሠራው ባዮሱ ስለደገፈው ነው። ከርነሉና ኢኒትራምኤፍኤሱ በባዮስ ትከሻ ራም ላይ ወጡ። ከዚያ በኋላ ከርነሉ ሥራውን ይረከባል፣ ከዩኤስቢ መቆጣጠሪያው (ቀዳዳዎቹን ከሚያሠራው ቺፕ) ጋር ራሱ መነጋገር ይኖርበታል። ድራይቨሩ ከሌለው የመጣበትን ፍላሽ እንኳ አያውቀውም።

ይህን አሁን በቀላሉ እጽፈዋለሁ። ያን ቀን ግን እስከ ማታ ፍላሽ ስንቀይር፣ የምንሰካበትን ቀዳዳ ስንለዋውጥ፣ ግራብን ደግመን ስንጭን፣ የፋይል ሲስተሙን መለያ ቁጥር ፊደል በፊደል ስናመሳክር ዋልን። አንዱም አልረዳም።

አንድ ቀዳዳ፣ አራት መቆጣጠሪያ

እዚህ ላይ ትንሽ ታሪክ ያስፈልጋል።

ዩኤስቢ 1.0 የወጣው በ1996 ነው። ፍጥነቱ ሁለት ዓይነት ነበር፤ 1.5 ሜጋቢት በሰከንድ እና 12 ሜጋቢት በሰከንድ። በዚያ ዘመን ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን መቆጣጠሪያ በሁለት መንገድ ሠሩት። ኢንቴል «ዩኤችሲአይ» የሚባለውን አወጣ። ኮምፓክ፣ ማይክሮሶፍትና ናሽናል ሴሚኮንዳክተር ደግሞ «ኦኤችሲአይ» የሚባለውን። በ2000 ዩኤስቢ 2.0 ከ480 ሜጋቢት ጋር መጣ፤ መቆጣጠሪያው «ኢኤችሲአይ» ተባለ። በ2008 ዩኤስቢ 3.0 ሲመጣ «ኤክስኤችሲአይ» ተከተለ። ሊኑክስ ይህን የመጨረሻውን በ2009 በ2.6.31 ከርነል መደገፍ ጀመረ፤ ከሌሎቹ ቀድሞ።

ኤክስኤችሲአይ ሁሉንም ፍጥነት ብቻውን ይችላል። ኢኤችሲአይ ግን 480 ብቻ ነው የሚናገረው። ለቀርፋፋ ዕቃ ረዳት ያስፈልገዋል። ረዳቱ እንደ ማዘርቦርዱ ቺፕሴት ወይ ዩኤችሲአይ ወይ ኦኤችሲአይ ነው። ከውጭ የምናየው ቀዳዳ አንድ ቢሆንም ከጀርባው ሁለት መቆጣጠሪያ ይጠብቃል። ፈጣን ዕቃ ሲሰካ ኢኤችሲአይ ይይዘዋል። ቀርፋፋ ሲሰካ ቀዳዳውን ለረዳቱ ያስረክባል።

ኪቦርድና ማውዝ ደግሞ በአብዛኛው የ1.5 ሜጋቢት ዕቃዎች ናቸው።

የቴክኒሻኑ ላፕቶፕ ያለው ኤክስኤችሲአይ ብቻ ነበር። ሎካልሞድኮንፊግም የታዘዘውን በታማኝነት ሠራ፤ ሌሎቹን ሦስቱን ጠራርጎ አወጣቸው።

ሐምራዊው ኪቦርድ

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ማየት የምንችልበት መንገድ ፈለግን። አሮጌ ዴስክቶፖች አንድ በረከት አላቸው፤ ከኋላቸው የድሮው ክብ ፒኤስ/2 ሶኬት አለ። በዩኤስቢ በኩል ስለማያልፍ ዩኤስቢ ቢሞትም ይሠራል። ቴክኒሻኑ መርካቶ ሄዶ ከአንድ ያገለገሉ ዕቃዎች ሱቅ ባለ ሐምራዊ ሶኬት ኪቦርድ ይዞ መጣ። (ፒኤስ/2 ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሳለ ነው የሚሰካው። እንደ ዩኤስቢ እየሠራ መሰካት ልማድ ካደረጋችሁ ተጠንቀቁ።)

አሁን ትእዛዝ መቀበያው ላይ መጻፍ ቻልን። መጀመሪያ ዲስኮችን ጠየቅን፤ ባዶ። ቀጥለን ከርነሉ ሃርድዌሩን በሚዘረዝርበት በ«ሲስ» ማውጫ ሥር የፒሲአይ ዕቃዎችን (ማዘርቦርዱ ላይ የተገናኙትን ቺፖችና ካርዶች) የዓይነት ኮድ አንድ በአንድ አነበብን። የዩኤስቢ መቆጣጠሪያ ኮድ በ«0ሲ03» ይጀምራል። ከዚያ የሚከተሉት ሁለት አሃዞች ዓይነቱን ይናገራሉ፤ 00 ከሆነ ዩኤችሲአይ፣ 10 ኦኤችሲአይ፣ 20 ኢኤችሲአይ፣ 30 ኤክስኤችሲአይ። ማሽኑ አራት ባለ 00 እና አንድ ባለ 20 አሳየን። ባለ 30 የለም። ያለን ድራይቨር ደግሞ የባለ 30 ብቻ!

ይህን በመጀመሪያው ቀን ጠዋት አድርገነው ቢሆን ኖሮ ብዬ እስካሁን እቆጫለሁ። ኪቦርድም መግዛት አያስፈልግም ነበር። የዲቢያን የራሱ ከርነል ያለበትን ፍላሽ ሰክቶ «ኤልኤስፒሲአይ» በትንሿ «ኬ» ምርጫ ማዘዝ ይበቃል። እያንዳንዱን መቆጣጠሪያ ከነድራይቨሩ ስም ይዘረዝራል።

ቴክኒሻኑ ዝርዝሩን አይቶ «20ው ዩኤስቢ 2.0 ነው፤ 2.0 ደግሞ የድሮውንም ይደግፋል» አለና ኢኤችሲአይን ብቻ ጨመረ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። ዩኤስቢ 2.0 የድሮውን ይደግፋል ሲባል ቀዳዳው እንጂ ኢኤችሲአይ አለመሆኑን በዚያች ደቂቃ አላሰብኩም።

ከርነሉ እንደገና ተሠራ። ማሽኑ ከፍላሽ ተነሳ። የመግቢያ ገጹ መጣ፣ በኪቦርዱ ስማችንን አስገባን፣ እጅ ለእጅ ተጨባበጥን። 11 ፍላሽ ላይ ገልብጠን ወደየቤታችን ሄድን።

የተጨባበጥነው ቸኩለን ነው

ሠልጣኞቹ በማግሥቱ ጠዋት ገቡ። ሁሉም ማሽን ተነሳ፤ የይለፍ ቃል መጠየቂያው መጣ። አንድም ኪቦርድ አይሠራም። አንድም ማውዝ አይንቀሳቀስም።

ነገሩ የሚያስቅ ነው። ማታ ስንሞክር የጻፍነው በሐምራዊው ኪቦርድ ነበር! ለመመርመር ያመጣነው መሣሪያ ብልሽቱን ሸፈነልን። የዩኤስቢ ኪቦርዱ ጠረጴዛው ላይ ተሰክቶ ቢቀመጥም ማንም አልነካውም።

መምህሯ እንዲህ ሲሉ ዛሬም ይሰማኛል፦ «ትናንት ተስተካክሏል አላላችሁም እንዴ ልጆቼ?»

ቴክኒሻኑ በመጀመሪያ የጠረጠረው የኪቦርዱን ድራይቨር ነው። «ዩኤስቢ ኤችአይዲ» የሚባለው ኪቦርድና ማውዝን የሚይዘው ክፍል ኮንፊጉ ላይ አለ ወይ? አለ። ላፕቶፑ ላይ ማውዝ ተሰክቶ ስለነበር ሳይጠፋ ተርፏል። ተጭኗል ወይ? ተጭኗል። ፍላሹስ በዩኤስቢ ይሠራል ወይ? ይሠራል፤ ማሽኑ የተነሳው ከሱ ነው። ስለዚህ ዩኤስቢ ደህና ነው፣ ኤችአይዲም ደህና ነው። ኪቦርዶቹ ተበላሽተው ይሆን? ሁሉም በአንድ ሌሊት?

የከርነሉ መልእክት መዝገብም አልረዳንም። ኪቦርዱን ነቅለን ስንሰካ አንድ መስመር እንኳ አይጽፍም። ኢኤችሲአይ ቀርፋፋ ዕቃ ሲያይ ቀዳዳውን ለረዳቱ ያስረክባል፤ ማስረከቡንም የሚናገረው የማረሚያ መልእክቶች ከበሩ ብቻ ነው። የተረከበው ረዳት ደግሞ ድራይቨር የለውም፤ ስለዚህ የሚናገር የለም።

ፍንጩ የመጣው ከሠልጣኝ ነው። አንዲት ልጅ የራሷን ፍላሽ የምትሰካበት ቀዳዳ አጥታ ከቦርሳዋ አንድ ትንሽ ሃብ (አንዱን ቀዳዳ ወደ ብዙ የሚያበዛ ዕቃ) አወጣች። ኪቦርዱን ከኮምፒውተሩ ነቅላ ሃቡ ላይ ሰካችው። «የኔ ይሠራል እኮ!» አለች። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አያት።

ለምን ሠራ? የዩኤስቢ 2.0 ሃብ በውስጡ አስተርጓሚ አለው። ወደ ኮምፒውተሩ በ480 ይናገራል፣ ወደ ኪቦርዱ በ1.5። ኢኤችሲአይ የሚያየው ፈጣኑን ሃብ ብቻ ስለሆነ ረዳት አይጠራም። በ«ኤልኤስዩኤስቢ» የዛፍ ዝርዝር ላይ በግልጽ ይታያል፤ ከ480ው ሃብ ሥር ባለ 1.5 ኪቦርድ ተንጠልጥሏል።

ከዚህ በኋላ ምርመራው አለቀ። የጎደለው ዩኤችሲአይ ነው። አራቱ ባለ 00 መቆጣጠሪያዎች ለጌጥ አልተቀመጡም።

ተጨማሪ አንድ ማሽን

ዩኤችሲአይ ሲጨመር 11ዱ ኢንቴሎች ተስተካከሉ። 12ኛው፣ ያ ኤኤምዲው፣ አልተስተካከለም። ፍላሹን ያነባል፣ ኪቦርዱ ዝም። በዚህ ጊዜ ግን ማንም አልተደናገጠም። ኮዱን አየን፤ ባለ 10። ኦኤችሲአይ ተጨመረ፣ አለቀ። ተመሳሳዩ ችግር በመጀመሪያ ሁለት ቀን ተኩል፣ በሁለተኛው ከርነሉ ኮምፓይል እስኪሆን ያህል ወሰደ።

ቅደም ተከተልም አለው። ኢኤችሲአይ ከረዳቶቹ በፊት መጫን አለበት፤ ከኋላ ከመጣ ከርነሉ ራሱ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል። ረዳቱ ቀድሞ ከገባ ፍላሹን በ12 ሜጋቢት ይይዘዋል፤ ኢኤችሲአይ ሲመጣ ይነጥቀዋል። ፍላሹ ተነቅሎ እንደገና እንደተሰካ ይቆጠራል። ማሽኑ የሚነሳው ከዚያው ፍላሽ ከሆነ ይህ ቀልድ አይደለም።

በየቀኑ የመጣ አቤቱታ

ከርነሉ አሁን ይነሳል፣ ኪቦርዱም ይሠራል። ከዚያ አቤቱታው በየቀኑ ይመጣ ጀመር።

መምህሯ ኢንተርኔት የሚያገኙት ስልካቸውን በገመድ ሰክተው ነበር። አሁን አይመጣም። ለብዙ አንድሮይድ ስልኮች ቴዘሪንግ (የስልክን ኢንተርኔት ለኮምፒውተር ማጋራት) የሚያስፈልገው «አርኤንዲአይኤስ» ድራይቨር ጠፍቷል፤ ላፕቶፑ ላይ ያን ቀን ስልክ አልተሰካም ነበርና።

የአንድ ሠልጣኝ ባለ 64 ጊጋባይት ፍላሽ ይታያል ግን አይከፈትም። በኤክስፋት የፋይል ሲስተም የተዘጋጀ ነው፤ የኤክስፋት ሞጁል የለም። ልብ በሉ፣ የፋይል ሲስተም ሞጁል የሚጫነው ፍላሹ ሲሰካ ሳይሆን ሲከፈት ነው። ተሰክቶ ሳይከፈት የቀረ ፍላሽ ኤልኤስሞድ ላይ ዱካ አይተውም።

ፕሪንተሩም እንዲሁ። ምክንያቱ አንድ ስለሆነ አልደግመውም።

የሞከርነውና የተውነው

ቴክኒሻኑ በመካከሉ ኢኒትራምኤፍኤስን ጨርሶ ማስወገድ ፈለገ። ሞጁሎቹን በሙሉ ከርነሉ ውስጥ አስገብቶ («ሜክ ሎካልየስኮንፊግ» ይህን ያደርጋል) በቀጥታ ማስነሳት። ይቻላል። ግን ሁለት ነገር ያጠምዳል።

አንደኛው ጊዜ ነው። የዩኤስቢ ፍላሽ ተለይቶ እስኪታወቅ ትንሽ ጊዜ ይወስዳል፤ ከርነሉ አይጠብቅም። ዋናውን የፋይል ሲስተም ማገናኘት አልቻልኩም ብሎ ይሞታል። በማስነሻ መስመሩ ላይ «ሩትዌይት» የሚል ቃል ካልተጨመረ አንዳንዴ ይነሳል፣ አንዳንዴ አይነሳም። አንዳንዴ የሚሠራ ነገር ከማይሠራው ይከፋል።

ሁለተኛው ስም ነው። በፋይል ሲስተሙ መለያ ቁጥር ዲስክ መፈለግ የኢኒትራምኤፍኤስ ሥራ ነው። ከርነሉ ብቻውን የሚያውቀው የክፍልፋዩን መለያ ቁጥር ነው፤ ያ ሌላ ቁጥር ነው። ከርነሉ ለዲስክ የሚሰጠውን ተራውን የ«ኤስዲኤ» ስም መጠቀም ደግሞ ግማሽ ነፍስ ያለው ሃርድ ዲስክ ያላቸው ማሽኖች ላይ አይሆንም፤ ዲስኩ አንድ ቀን ይታያል፣ አንድ ቀን አይታይም፣ ስሙም አብሮ ይቀያየራል። ግማሽ ቀን አቃጥለን ተውነው።

በመጨረሻ የሠራው

ከመጀመሪያው ጀመርን። 12ቱንም ማሽኖች በዲቢያን የራሱ ከርነል አስነሳን። እያንዳንዱ ላይ የሚሰካ የተባለውን ሁሉ ሰካን፤ ኪቦርድ፣ ማውዝ፣ ሃብ፣ ፕሪንተር፣ ቴዘሪንግ የበራ ስልክ። የተለያየ ዓይነት ፍላሽ ሰክተን ከፍተን ፋይል ገለበጥን። ከዚያ የኤልኤስሞድን ውጤት ወደ ፋይል አወጣን። 12ቱን ፋይሎች አንድ ላይ ቀጥለን ለሎካልሞድኮንፊግ ሰጠነው። ከላፕቶፑ ሳይሆን ከዚህ ፋይል እንዲያነብ የሚያደርግ «ኤልኤስሞድ» የሚባል ተለዋዋጭ አለው። በዚህ መንገድ ኮምፓይሉ ላፕቶፕ ላይ ቢሆንም ዝርዝሩ የዴስክቶፖቹ ነው።

አራቱንም የዩኤስቢ መቆጣጠሪያዎች ደግሞ ዝርዝሩ ላይ ኖሩም አልኖሩም በእጅ አበራናቸው። ነገ የሚለገሰው 13ኛ ማሽን ምን እንደሚይዝ ማን ያውቃል? አራቱ ሞጁሎች የሚይዙት ቦታ አንድ ፎቶ ከሚይዘው አይበልጥም።

ሙከራውንም ቀየርን። ሐምራዊውን ኪቦርድ ነቅለን፣ ከማሽኑ ጋር በሚቆየው ኪቦርድ ብቻ፣ ቀጥታ ቀዳዳው ላይ፣ ያለ ሃብ።

ከዚህ ጉዳይ ለሌላ የሚተርፍ

ሎካልሞድኮንፊግ አንድን ማሽን በአንድ ቅጽበት የሚያነሳ ካሜራ ነው። ፎቶው ላይ ያልነበረ ሰው አይወጣም። ዩኤስቢ ደግሞ የሚሰካና የሚነቀል ነገር ስለሆነ ከሁሉም ይበልጥ እዚህ ላይ ይጎዳል።

ባዮስ ያየውን ከርነሉም ያየዋል ማለት አይደለም። «ግራብ ላይ ይሠራል» የሚለው ስለ ኪቦርዱ ጤንነት ይናገራል፤ ስለ ከርነሉ ምንም አይናገርም።

ፈጣን ዕቃ ሠርቶ ቀርፋፋው ከሞተ፣ የዕቃውን ድራይቨር ከመፈተሽ በፊት ረዳት መቆጣጠሪያውን እዩ። የ2.0 ሃብ ካላችሁ ጣልቃ አስገቡት፤ በሃብ ሠርቶ በቀጥታ ካልሠራ መልሱን አግኝታችኋል። ይህ ግን ለአሮጌ ማሽን ነው። ኢንቴል ቆየት ብሎ ያንኑ አስተርጓሚ ሃብ ቺፕሴቱ ውስጥ ስለጨመረ፣ ከዚያ ወዲህ ባሉት ላይ ዩኤችሲአይ ፈልጋችሁ አታገኙም።

የሠራውን ከርነል ሳትደመስሱ አዲሱን ከጎኑ አኑሩ። እኛ በዚህ ብቻ አልተሳሳትንም፤ ግራብ ውስጥ የዲቢያኑ ከርነል ስለነበረ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሠልጣኞቹ ወደ ቤት አልተመለሱም። በእሱ አስነስተን ትምህርቱ ቀጠለ።

ፍጥነቱስ? በዓይን የሚታይ ለውጥ አልመጣም። ለውጥ ያመጣው ቀለል ያለ የዴስክቶፕ ፕሮግራም መጫኑ፣ ፋይል በተነበበ ቁጥር ሰዓቱ እንዳይመዘገብ ማድረጉና ጊዜያዊ ፋይሎችን ራም ላይ ማስቀመጡ ነው። ሦስቱም የከርነሉን ኮንፊግ ፋይል አይነኩም። በእጅ የተሠራ ከርነል ደግሞ የደኅንነት ማሻሻያ በራሱ አይመጣለትም፤ ዲቢያን አዲስ ባወጣ ቁጥር አንድ ሰው ቁጭ ብሎ መሥራት አለበት። ያ ሰው ቴክኒሻኑ ነው፤ እሱም ሌላ ሥራ አለው። ተነጋግረን 11ዱን ወደ ዲቢያን ከርነል መለስናቸው። በእጅ የተሠራው ለማስተማሪያ ኤኤምዲው ላይ ብቻ ቀርቷል። ሐምራዊው ኪቦርድ የመምህሯ መሳቢያ ውስጥ ነው።